ምጣዱ ሲግል አምፑ ለምን ይለዝባል?

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነበር። ጊታሬን ሰክቼ ከሰዓት በኋላ ስለማመደው የነበረውን ነገር ደገምኩት። ያው ጊታር፣ ያው ገመድ። አምፑ ላይ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ዕቃ ላይ፣ አንድም ቁልፍ አልነካሁም። ድምፁ ግን ሌላ ነው። ክሊን የነበረው ጫፍ ጫፉ ላይ ቆሸሽ ብሏል። ቤዙ ላላ ብሏል። ኮርድ ስመታ "ጧ" ይል የነበረው አሁን "ቧ" ይላል። መጀመሪያ ጆሮዬን ጠረጠርኩ። ቀጥዬ ቲዩቦቹን፣ አምፑ ውስጥ ድምፁን የሚያጎሉትን የመስታወት ቱቦዎች። ቲዩብ እዚህ አዲስ አበባ እንደ ሽንኩርት ከየሱቁ የሚገዛ ዕቃ ስላልሆነ ሆዴ ቡጭ አለ።

ከዛ ቴስተሩን አነሳሁና ሶኬቱን ለካሁት። 195 ቮልት። ከሰዓት በኋላ 218 ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አራት ቤት ነን፣ ሁላችንም ከአንድ ፌዝ (ከአንድ የመብራት መስመር) ነው የምንስበው። ወጣሁና ከጎኔ ያሉትን እናት በር ቆረቆርኩ። "እማማ፣ እንጀራ እየጋገሩ ነው እንዴ?" "አዎ ልጄ፣ ምነው? ጊታርህ እምቢ አለ?" አሉኝ፣ እየሳቁ። ለነገሩ የሳቸው ምጣድ ብቻውን አልነበረም። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ይጋግራል። ከ40 ደቂቃ በኋላ ምጣዳቸውን ሲያጠፉ ቴስተሩ 204 አሳየ። ሰፈሩ ጋግሮ ሲጨርስ ወደ 215 ተመለሰ። ድምፁም አብሮት ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል። የቲዩብ አምፕ ሰርኪዩት ከኃይል ገመዱ አይጀምርም። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው የሚጀምረው።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ወሬ ነው የሚሰማው። ስልክ ቻርጀር በ195ም በ240ም ያው ነውና። ላፕቶፕም እንደዛው። ዛሬ ብዙ ጊታሪስት የሚጠቀምበት መልቲ ኢፌክት የሚባለው ዲጂታል የድምፅ መቀየሪያም እንዲሁ፤ አዳፕተሩ ጀርባ ላይ "ከ100 እስከ 240 ቮልት" ተብሎ ተጽፏል። እነዚህ ዕቃዎች የመጣውን ቮልት ተቀብለው ራሳቸው አስተካክለው የሚሰጡ ናቸው። የቲዩብ አምፕ ግን የድሮ ሰው ነው። የሚያስተካክልለት የለም። ውስጡ አንድ ከባድ ትራንስፎርመር አለ፣ ሥራውም ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የገባው 10 በመቶ ከቀነሰ የሚወጣውም ሁሉ 10 በመቶ ይቀንሳል።

"የሚወጣው ሁሉ" ስል ሦስት ነገር ማለቴ ነው። አንደኛው ለቲዩቦቹ ፕሌት (ኤሌክትሮኑን ለሚቀበለው የቲዩቡ ክፍል) የሚሄደው ከፍተኛ ቮልት ነው፤ እንደ አምፑ ዓይነት ከ300 እስከ 500 ይደርሳል። ሁለተኛው ቲዩቡን ከውስጥ የሚያግለው የሂተር ቮልት ነው፤ በአብዛኛው 6.3 ነው። ሦስተኛው ባያስ የሚባለው ነው።

ባያስን ለማስረዳት ጋራዥ እንግባ። መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ሚኒሞ ይባላል አይደል? ሚኒሞው ከወረደ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ሊጠፋም ይችላል። ከበዛ ደግሞ ቆሞ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ይግላል። ባያስ የቲዩቡ ሚኒሞ ነው። ምንም ሳትጫወቱ በቲዩቡ ውስጥ ምን ያህል ከረንት ይለፍ የሚለውን ይወስናል። ቴክኒሻኑ የሚያስተካክለው አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ሶኬቱ በዚያች ሰዓት በነበረው ቮልት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ 195ቱ። እዚህ አንድ የማናስተውለው ነገር አለ። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩ አምፖች ጀርባቸው ላይ 230 ቮልት ይላሉ። የኛ መብራት በወጉ ሲመጣ 220 ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ሰላም በሆነበት ቀን እንኳ አምፑ ከታሰበለት 4 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚሠራው። 195 ሲሆን ደግሞ 15 በመቶ ዝቅ አለ ማለት ነው። 450 ቮልት ማግኘት የነበረበት ፕሌት 380 አካባቢ ያገኛል። 6.3 የነበረው ሂተር 5.3 ይሆናል።

ጉልበቱስ? ኃይል በቮልቱ ስኩዌር ነው የሚሄደው። ቮልቱ 15 በመቶ ሲቀንስ ከአምፑ የሚወጣው ዋት ወደ 28 በመቶ ይቀንሳል። ሲሰሙት ትልቅ ነው። በጆሮ ግን 1.4 ዴሲቤል ብቻ ነው። ዝም ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ያን ያህል አይታወቅም። ጎረቤትም አያመሰግናችሁም።

ታዲያ እኔ የሰማሁት ምንድን ነው? የሰማሁት ጣሪያው ዝቅ ሲል ነው። አምፑ ድምፁን ንጹህ አድርጎ ከፍ ሊያደርግ የሚችልበት ጣሪያ አለ። ከዚያ በላይ ሲገፋ ሞገዱ ጣሪያውን ይመታና አናቱ ይቆረጣል። ያ ነው ዲስቶርሽን። ቮልቱ ሲወርድ ጣሪያው ይወርዳል፣ የጣቴ ጉልበት ግን አልወረደም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ንጹህ የነበረው ምት ማታ ጣሪያውን ይነካል። መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ ብዙ ጉልበት የሚፈልገው ቤዝ ነው። የላላውም ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ሚኒሞው ይወርዳል። ባያሱ ከፕሌቱ ጋር አብሮ ቢወርድም ቲዩቡ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ከቮልቱ በላይ ነው የሚቀንሰው። በጥንድ የሚሠሩ ፓወር ቲዩቦች ደግሞ ሥራውን ተቀባብለው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ የሞገዱን ላይኛ ግማሽ፣ ሌላው ታችኛውን። ሚኒሞው ሲወርድ ቅብብሎሹ ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ቀስ ብላችሁ ስትጫወቱ፣ ኖታው ሊጠፋ ሲል፣ ደረቅ የሆነች አሸዋ አሸዋ የምትል ነገር ትሰማላችሁ። እሷ ናት። ይቺኛዋን ማንም አይወዳትም።

ሰዎች ሁለት ነገር ሲያደባልቁ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፣ እዚህ ጋ ልለየው። ጊታሪስቶች "ሳግ" የሚሉት አለ። ኮርድ በጉልበት ስትመቱ ድምፁ መጀመሪያ ጎበጥ ይልና ቀስ ብሎ ይነሳል። ስፖንጅ ላይ እንደመቆም ነው። ይሄ ከግድግዳው አይመጣም። ከራሱ ከአምፑ ሆድ ነው የሚመጣው። በተለይ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ሬክቲፋየር ቲዩብ ከሆነ። 5ዩ4 የሚባለው ሬክቲፋየር ሙሉ ጭነት ሲመጣበት ወደ 50 ቮልት የሚጠጋ ውስጡ ይቀራል። ጂዜድ34 በተመሳሳይ ሁኔታ ከ20 ቮልት በታች ነው የሚያስቀረው። በቲዩብ ፋንታ በዳዮድ ሬክቲፋየር የሚሠራው አምፕ ላይ ይህ ነገር ከቁጥር አይገባም። ለዚህ ነው ዘመናዊው አምፕ ደረቅና ፈጣን የሚሆነው።

ልዩነቱ ይሄ ነው። ሳግ ከእጃችሁ ጋር ይንቀሳቀሳል። ስትመቱ ይወርዳል፣ ስትተዉ ይነሳል። ሙዚቃ ውስጥ ገብቷል። የሰፈር ቮልት መውረድ ግን እናንተ ምን እንደምትጫወቱ አያውቅም። አንዴ ጣሪያውን አውርዶት ይቀመጣል፣ እንጀራው እስኪያልቅ። 20 ዋት አምፕ ከሶኬት የሚስበው መቶ ዋት ገደማ ነው። ምጣድ 3500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። የሰፈሩን መስመር ማን እንደሚያንቀጠቅጠው ግልጽ ነው።

"ታዲያ ዝቅ ያለ ቮልት ድምፅ ያሳምራል ይባል የለ?" የሚል አይጠፋም። ይባላል፣ ውሸትም አይደለም። ወሬው የመጣው ከኤዲ ቫን ሄለን ነው። በ2020 ያረፈው ይህ ጊታሪስት በ1978 የባንዱን የመጀመሪያ አልበም ሲያወጣ ዓለም ያልሰማውን የጊታር ድምፅ አሰማ። አምፑ 100 ዋት ማርሻል ነበር። ምስጢሩ ቫሪያክ ነው፤ በእጅ እየተዞረ ቮልት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር። የአሜሪካኑን 120 ወደ 90 አካባቢ አውርዶ ነው አምፑን የሚያበላው።

የጀመረበት መንገድ ለኛ አዲስ አይደለም። እሱ ራሱ እንደተናገረው ሌላ ማርሻል ይገዛና ይሰካዋል፤ ድምፅ የለም። ተታለልኩ ብሎ ሳያጠፋው ይተወዋል። ቆይቶ ተመልሶ ሲሞክረው አምፑ ይሠራል፣ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ አምፕ ይጮሃል፣ ግን በጣም በትንሹ። ለካ ከእንግሊዝ አገር የመጣ የ220 ቮልት አምፕ ነው፣ በአሜሪካ ግማሽ ቮልት እየሠራ ነው። የኛ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ እዚህ ሰክቶ ያቃጥላል፣ እሱ ደግሞ በተቃራኒው ሰክቶ ሀብት አገኘ። በነገራችን ላይ ያኔ ለጠየቁት ሰዎች ቮልቱን ከፍ እንደሚያደርገው ነበር የሚናገረው። አምነውት ወደ 140 የሰቀሉ ሰዎች አምፕ ምን እንደደረሰበት መገመት አይከብድም።

ነገር ግን ሒሳቡን እንየው። ከ120 ወደ 90 ማውረድ ኃይሉን ከግማሽ ትንሽ በለጥ ወዳለ ደረጃ ያደርሰዋል። በጆሮ 2.5 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ቫሪያክ የድምፅ መቀነሻ ሆኖ ተዓምር አልሠራም። ያደረገው ጣሪያውን በቋሚነት፣ በልኩ፣ እሱ በፈለገው ቦታ ማስቀመጥ ነው። "በልኩ" የምትለዋ ቃል ላይ ነው የኛ ሰፈር ከሱ የሚለየው። እሱ ዛሬም ነገም 90 ነው። እኔ 7 ሰዓት ላይ 218፣ ማታ 195፣ እንጀራው ሲወጣ 215 ነኝ። በዚህ ሁኔታ ቶን ማበጀት አሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው። እሱም ቢሆን ዋጋ ከፍሎበታል፤ በ90 ቮልት ሂተሩ 4.7 ብቻ ነው የሚያገኘው። ቲዩብ አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት ከ6.3 ወደ ላይና ወደ ታች 10 በመቶ ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.9 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በታች ካቶዱ፣ ማለትም ሂተሩ የሚያግለው የቲዩቡ ክፍል፣ በደንብ ስለማይግል የሚፈለገውን ኤሌክትሮን አይሰጥም። የኔም አምፕ በ195 ከዚህ መስመር በታች ነው ያለው። ድምፁ መለዘቡ ብቻ አይደለም፣ ድካምም አለበት።

አሁን ወደ ላይ እንሂድ፣ እውነተኛው አደጋ እዚያ ነውና። ቴክኒሻኑ ባያስ ሲሠራ ሶኬቱ 220 ነበር እንበል። ኢኤል34 ቲዩብ ነው፣ የሚችለው 25 ዋት ሙቀት ነው። 450 ቮልት በ38 ሚሊአምፔር አድርጎ 17 ዋት ላይ አስቀመጠው። ጥሩ ሥራ ነው። ሌሊት ሰፈሩ ሲተኛ ሶኬቱ 242 ቢገባ ቲዩቡ 495 ቮልትና ወደ 44 ሚሊአምፔር ያገኛል። 21.7 ዋት። ቮልቱ በ10 በመቶ ጨመረ፣ ሙቀቱ በ27። ምንም ሳትጫወቱ፣ ቡና እየጠጣችሁ። አምፑ ግን በዚያ ሰዓት እንዴት ያለ ድምፅ አለው መሰላችሁ! ክሊኑ ይፈነጫል፣ ቤዙ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ቲዩብ ከማለቁ በፊት የሚያምረው እንደዚህ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ኑትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ። የኛ መስመር በፌዝና በኑትራል መካከል 220 ነው፣ በሁለት ፌዝ መካከል ግን 380። ኑትራሉ ከተቋረጠ የአንዱ ቤት ቮልት ወርዶ የሌላው ወደ 380 ሊወጣ ይችላል። አምፖል ድንገት እንደ ፀሐይ ቦግ ሲል ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያች ቅጽበት ፊውዙ ካልደረሰላችሁ ትራንስፎርመሩ ነው የሚሄደው። ትራንስፎርመር ደግሞ ከአምፑ ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ፣ ለምን 195 ይሆናል የሚል ጥያቄ ሰፈር ውስጥ ይነሳል። ማመንጨትና ማድረስ ለየቅል ናቸው። ጉባ ላይ የሚመረተው እኔ ቤት እስኪደርስ የመጨረሻዋ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለችው ሽቦ ቀጭን ከሆነች፣ ወይም የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከልኩ በላይ ቤት ከተሸከመ፣ ቮልቱ እዚያው ይቀራል። አንድ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። መስመሩ ግማሽ ኦም ብቻ የከረንት መቋቋም ቢኖረው 8 ቮልት ጠፋ። አራት ምጣድ በአንድ ፌዝ ላይ ሲሆን 30 አለፈ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና በየግቢው እየገባ ነው። 7 ኪሎ ዋት የሚስብ የቤት ቻርጀር ሁለት ምጣድ ማለት ነው፣ ያውም እንጀራ ሲያልቅ የማይጠፋ።

ስታቢላይዘር መግዛት ነዋ፣ ትሉኝ ይሆናል። ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚቀያየር ማብሪያ ማጥፊያ) ያለበት ነበር፤ ቮልቱ ሲወርድ "ቀጭ" ብሎ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይዘላል። ለፍሪጅ ይበቃል። ለአምፕ ግን አንድ ኖታ ይዤ ሳለ "ቀጭ" ሲል ድምፁ እንደ ደረጃ ሲወጣ ይሰማኛል። የሚያወጣው ቮልትም በደረጃዎቹ መካከል ከ205 እስከ 235 ይዋልላል። የተሻለው ሰርቮ የሚባለው ነው። ውስጡ ትንሽ ሞተር አለች፣ የካርቦን ብሩሿን በትራንስፎርመሩ ጥቅል ላይ እያንሸራተተች ቮልቱን ታስተካክላለች። ልብ ካላችሁ ይሄ ቫሪያክ ነው! ኤዲ በእጁ አዙሮ ያወረደበትን ዕቃ እኛ በሞተር እያዞርን እንሰቅልበታለን። እኔ አሁን ይሄን ነው የምጠቀመው፣ ደስተኛም ነኝ፤ ፍጥነቱ ግን ውስን ነው፣ ድንገተኛ ዝላይ ያመልጠዋል።

ከባትሪ መብራት በሚሰጡት ርካሽ ኢንቨርተርና ዩፒኤስ ላይ ግን አልስማማም። የሚያወጡት ሞገድ ክብ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ነው። አምፑ ውስጥ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሆኖ ይገባል። እዚህ ላይ ስውር ነገር አለች፦ ሂተሩ የሚያየው የሞገዱን አማካይ ጉልበት ነው፣ ፕሌቱ የሚያገኘው ግን ከሞገዱ ጫፍ ነው። ሞገዱ አናቱ ከተደፈጠጠ ቴስተሩ 220 እያለም ፕሌቱ ሊያንሰው ይችላል። ቻርጀርና ኮምፒውተር የበዛበት መስመር ላይም ይህ ይታያል። "ቴስተሩ ልክ ነው፣ ድምፁ ግን ልክ አይደለም" የሚል ሰው ሁሉ ቅዠታም አይደለም።

ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ አምፕ ለሚልኩልን ዘመዶችም አንድ ነገር። 120 ቮልቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማውረጃ ትራንስ ይገዛለታል። የሚረሳው ኸርዙ፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። አሜሪካ 60 ነው፣ እኛ 50። ማውረጃው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ብቻ ተቆጥቦ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ጫና 20 በመቶ ይጨምራል። ይግላል፣ ያጉረመርማል። ጀርባው ላይ "50/60" ካለ ችግር የለም። "60" ብቻ ካለ ሳይላክ በፊት ደግማችሁ አስቡበት።

እኔ አሁን ምን አደርጋለሁ? መብራት ሲሄድ አምፑን አጠፋለሁ፣ ሲመጣ ወዲያው አልከፍትም፤ አምስት አስር ደቂቃ ከፍ ዝቅ ማለቱ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ሶኬቱ ላይ ሁልጊዜ ቮልት የምታሳይ ትንሽ ዲጂታል ነገር ሰክቻለሁ። ድምፁ ሲቀየርብኝ ፔዳል ከመፍታቴ በፊት እሷን ነው የማየው።

ባያስ ላሠራ ስሄድ ደግሞ ቴክኒሻኑን የምጠይቀው የቲዩቡን ብቻ አይደለም። "አሁን ሶኬትህ ስንት ነው?" እለዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ግራ ገብቶት ነበር። አሁን ሳልጠይቀው ለክቶ፣ ፕላስተር ላይ በስክሪብቶ ጽፎ፣ አምፑ ጀርባ ላይ ይለጥፍልኛል። የኔ ላይ "221፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት" ይላል።